የጃፓኗ አሮጌ ጊታር ክሯ አልወርድ ሲል

የ1960ዎቹ የጃፓን ኤሌክትሪክ ጊታር ናት። ራሷ ላይ ያለው ስም የአሜሪካ አስመጪ ነው፤ ያኔ ብዙዎቹ የሚሸጡት እንዲያ ነበር። ችግሯ ክሮቹ ከፍሬቶቹ (አንገቷ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) በጣም መራቃቸው ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ ወደ 4 ሚሊሜትር! ገላዋ ላይ ክሮቹን የሚሸከመው ብሪጅ እስከ መጨረሻው ወርዶም ጠብ የሚል ነገር የለም።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው አንገቱ ጎብጧል ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። መፈተሻው ግን ቀላል ነው። ክሩን መጀመሪያውና መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫኑትና መሃሉን እዩ። የእኔዋ ወረቀት ብቻ የሚያሳልፍ ክፍተት ነበራት፤ አንገቷ ደህና ነው። የተዛባው አንገቱ ገላው ላይ የተቀመጠበት ማዕዘን ነው።

ደግነቱ አንገቱ በሙጫ አልተጣበቀም። ከጀርባ በ4 ብሎን ነው የታሰረው። ክሮቹን አላልቼ በካቻቢቴ ፈታሁት። አንገቱ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ውስጥ የተጋገረውን ቀለም ፋቅሁ። ከዚያ ስስ እንጨት ቆርጬ በብሪጁ በኩል ባለው የጎድጓዳው ጫፍ አስቀመጥኩና መልሼ አሰርኩ። ልብ በሉ፣ ስሱ እንጨት በሌላኛው ጫፍ ከገባ ክሩ ይብሱን ይነሳል። ብሎኖቹንም ከልክ በላይ አታጥብቁ፤ የኮምፔንሳቶ ገላዋ ሊጎዳ ይችላል። (ኮምፔንሳቶ ነው ብለው የሚንቋት አሉ። እኔ ድምጿን እወደዋለሁ።)

አሁን ክሩ 2 ሚሊሜትር ላይ ነው። እንዲያውም ብሪጁን ትንሽ ከፍ ማድረግ ነበረብኝ። ዜሮ ፍሬት (ራሷ አጠገብ የክሩን ከፍታ የሚወስን ተጨማሪ ፍሬት) ስላላት ራሷ በኩል ምንም አልነካሁም። የሚንኮሻኮሹት የፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚቀበለው ክፍል) ማብሪያዎች ደግሞ የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ነፍቼባቸው ደጋግሜ ሳበራ ሳጠፋ ለቀቃቸው።