ድሬ ተሠርታ ሐረማያ ላይ ለምታስቸግር ካታማራን

ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ውሃው ተመልሷል። ስለዚህ ድሬዳዋ ውስጥ አንዱ ተነስቶ ባለሸራ ጀልባ ልሥራ ቢል አይገርመኝም። ትንሿን የመዝናኛ ካታማራን ማለቴ ነው፦ ሁለት ጠባብ ታንኳ በብረት ቧንቧ ተያይዞ፣ መሃሉ ላይ ሸራ ወይም መረብ ለመቀመጫ የተወጠረበት። መሥራቱ አይከብድም። ጣጣው የሚመጣው ውሃ ላይ ነው።

ታንኳው ውሃ ይቋጥራል

ስታነሱት ውስጡ ይንቦጫቦጫል። ሰው ሁሉ ቀዳዳ የሚፈልገው ከሥሩ ነው። እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው አየሩን ነው።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ ሐረማያ 2,000 ገደማ። የማፍሰሻውን ቡሽ ድሬ ላይ ጥርቅም አድርጋችሁ የደንገጎን ዳገት ስትወጡ፣ ውስጥ የታፈነው የቆላ አየር ነው። ውጪው ደግሞ እየሳሳ ይሄዳል። ልዩነቱን አትናቁት፤ ታንኳው ጭራሽ አየር የማያስወጣ ከሆነ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 800 ኪሎ ያህል ግፊት ነው፣ ያውም ከውስጥ ወደ ውጪ። መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። ከዚያ ፀሐይ ያጋለውን ታንኳ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ስታወርዱት አየሩ ይኮማተርና በስንጥቁ ውሃ ይስባል።

በጉዞ ላይ ቡሹ ክፍት ይሁን፤ ስትመለሱም እንዲሁ። ከውሃው በላይ በሚቀረው ክፍል ላይ ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር የምትሆን መተንፈሻ ብሱ። ስንጥቁን ለማግኘት የጎሚስታ ዘዴ ይሠራል። መተንፈሻዋን በፕላስተር ሸፍኑ፣ መጋጠሚያውን የሳሙና ውሃ ቀቡ፣ በቡሹ ቀዳዳ ቱቦ አስገብታችሁ በአፍ ንፉ። አረፋ ያወጣበት ቦታ እሱ ነው። በኮምፕሬሰር ግን እንዳታስነፉት፤ ታንኳው ይፈነዳል። ስንጥቁን አድርቁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቁ፣ በፋይበር ግላስ ጨርቅና በኢፖክሲ ሙጫ ድፈኑ። ሲሊኮን ለጥፎ መገላገል ያጓጓል። ኋላ ግን ሲሊኮን የነካው ቦታ ላይ ኢፖክሲ አልይዝ ይላል።

አልዞርም ትላለች

በነፋሱ ፊት አቋርጣችሁ ልትዞሩ ስትሉ መሃል ላይ ቀጥ ትላለች። ቀላል ስለሆነች ፍጥነቷ ቶሎ ይሞታል፤ ሁለት ረጃጅም ታንኳም መዞር አይወድም። ፍጥነት ይዛችሁ ግቡ። መሪውን ቀስ በቀስ አዙሩ፤ በአንዴ ከጠመዘዛችሁት ራሱ ፍሬን ይሆናል። የፊቱን ትንሽ ሸራ ወዲያው አትልቀቁት። ነፋሱ ከጀርባው ይምታውና አፍንጫዋን ይግፋላችሁ። ዋናውን ሸራ ግን አላሉት። ወደ ኋላ መንሸራተት ከጀመረች መሪውን በተቃራኒው ያዙ፣ ትዞራለች።

ወደ ጎን ትንሸራተታለች

ይሄ የዲዛይን ጉዳይ ነው። ሥሩ ክብ የሆነ ታንኳ ውሃውን አይዝም። ሆቢ 16 የሚባለው የታወቀ ካታማራን ችግሩን በቅርጽ ፈትቶታል፦ የታንኳዎቹ ውጪኛ ጎን ጠፍጠፍ፣ ውስጠኛው ጎበጥ ያለ ነው። ስለዚህ ወደ ውሃ የሚወርድ ሰሌዳ አያስፈልገውም፤ ይህም ጥልቀት ለሌለው ሐይቅ ይመቻል። የእናንተ ተሠርቶ ካለቀ፣ ከሥሩ ርዝመቱን ተከትሎ ጠባብ ጣውላ ለጥፋችሁ በፋይበር ሸፍኑት።

አፍንጫዋ ይዘፈቃል

ነፋስ ሲበረታ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ይጠጋ፣ ሸራው ይላላ። ምሰሶውንም በያዘው ገመድ ጥቂት ወደ ኋላ አዘንብሉት። ሰው ኋላ ተቀምጦም የምትዘፈቅ ከሆነ የታንኳው ፊት ቀጥኗል ማለት ነው። ያን ገመድ አያስተካክለውም፤ ፊቱን ቆርጦ ወፈር አድርጎ እንደገና መሥራት ነው።