አልወጣም ያለ የፕሪንተር ድራይቨርን እንዴት ማስወጣት ይቻላል?

አሮጌው ፕሪንተር ከተሸጠ ቆይቷል፤ ድራይቨሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ተጎልቷል። ደሴ ፒያሳ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ልታጠፉት ስትሉ «ሥራ ላይ ነው» ይላል። የምን ሥራ?

ፍላሽ ስትነቅሉ፣ ሌላ የሚጠቀምበት ዕቃ ከሌለ ዊንዶውስ ራሱ ድራይቨሩን ከሜሞሪ ያወርደዋል። ፕሪንተር ላይ ግን መሃል የገባ አለ፤ ፕሪንት ስፑለር የሚባለው ሰርቪስ። የሚታተመውን ወረፋ የሚያስይዘው እሱ ነው። ድራይቨሩን አንዴ ከያዘ ገመድ መንቀል ብቻውን አያስለቅቀውም።

መጀመሪያ የአዲሱን ፕሪንተር ድራይቨር አውርዱ። ኔትወርክ ሲጠፋ መሃል መንገድ ላይ እንዳትቀሩ። ዎርዱንም ፒዲኤፉንም ዝጉ። ከዚያ ሴቲንግስ ገብታችሁ ፕሪንተሩን አጥፉት። «ኮፒ 1» የሚል መንታ ካለውም አብሮ ይጥፋ። አንዳንድ ፕሪንተር ገመዱ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሲሰካ እንደ አዲስ ይመዘገባል፤ ከመንታዎቹ አንዱ ከቀረ ድራይቨሩ አይለቅም።

አስቸጋሪው ቀጥሎ ያለው ነው። ሰርቪስስን ክፈቱና ፕሪንት ስፑለር ላይ «ስቶፕ» በሉ። ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም 32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ግቡና ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ፋይል በሙሉ አጥፉ። ያልታተመ ሥራ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፉን ይዞ በተሰለፈበት ሰዓት አትሞክሩት። ጎኑ ያለውን «ድራይቨርስ» የሚለውን ፎልደር ደግሞ እንዳትነኩት።

ከዚያ ስፑለሩን መልሳችሁ አስነሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስፑለሩ ቆሞ ሳለ ድራይቨሩን ሊያጠፋ ይሞክራል። አይሆንም፤ ድራይቨሩን የሚያስወግደውም ያው ስፑለር ነው። እንደተነሳ፣ ማንም ዎርድ ሳይከፍት፣ ቶሎ «ፕሪንት ሰርቨር ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ድራይቨርስ» የሚለው ጋ ሂዱ። «ሪሙቭ» በሉና ድራይቨሩን ከነፓኬጁ (ከነመጫኛ ፋይሎቹ) የሚያጠፋውን ምረጡ። ድራይቨሩን ብቻ ካጠፋችሁ ፓኬጁ ዲስኩ ላይ ስለሚቀር ነገ ተመልሶ ሊጫን ይችላል።

አሁንም እምቢ ካለ፣ አብሽሩ። ታስክ ማኔጀር ላይ ፕሪንት አይሶሌሽን ሆስት የሚል ካያችሁ ዝጉትና ድገሙት። ካልሆነ ኮምፒውተሩን «ሪስታርት» አድርጉት። «ሸት ዳውን» አላልኩም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። እሱ ከበራ፣ ስታጠፉት ከርነሉ (የዊንዶውስ እምብርት) እና ድራይቨሮቹ ዲስክ ላይ ተቀምጠው ስታበሩት እንዳሉ ይመለሳሉ። ሁሉም ከዜሮ የሚነሳው «ሪስታርት» ስትሉ ነው። መብራት በድንገት ሲሄድም ከዜሮ ይነሳል፤ ይህን ግን እንደ ዘዴ አትያዙት።

ድራይቨር እናጸዳለን የሚሉ ፕሮግራሞችን እኔ አልጭንም። ከላይ ላለው ሥራ ዊንዶውስ ራሱ ይበቃል።

አዲሱን ስትጭኑ የዩኤስቢ ገመዱን አትቸኩሉበት። ጫኙ ፕሮግራም «አሁን ሰኩ» ሲላችሁ ሰኩት።