ላፕቶፓችሁ ከተንቀራፈፈ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ይሄን እዩ

ላፕቶፕ ስሎው ሲሆን የኛ ሰው የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፣ ፎርማት (ውስጡ ያለውን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን)። ወስደህ ትሰጣለህ፣ ተደርጎ ይመጣል፣ ሁለት ሳምንት ይፈጥናል፣ ከዛ እዛው ነው። ባለፈው የአክስቴ ልጅ የመመረቂያ ፅሁፏን እየሰራች ዎርድ ከፍታ ቡና ጥዳ አቦል ስትቀዳ ነው የሚከፈተው፣ ተማርራ ፎርማት ላስደርገው ነው ብላ መጣች፣ ኧረ ቆይ አልኳትና አብረን ከፈትነው።

መጀመሪያ ምኑን እንዳመመው ማየት ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሲፒዩ (የሚያስበው ክፍል)፣ ሜሞሪ (ራም፣ የከፈታችሁትን ለጊዜው የሚይዘው)፣ ዲስክ (ፋይሉ የሚቀመጥበት) የሚሉት በፐርሰንት ይመጣሉ፣ ምንም ሳትነኩ ሶስት አራት ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩት። የሷ ዲስኩ 100% ላይ ተቸንክሯል፣ ሲፒዩው ግን 12 ላይ ተኝቷል። ማለትም ላፕቶፑ ማሰብ አላቃተውም፣ ፋይሉ ከዲስክ ተነስቶ እስኪመጣለት ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው። ሜሞሪው ከሆነ ደግሞ 90 ምናምን ላይ የሚቆመው ችግሩ ራም ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ክሮም ላይ ተከፍተው የተረሱ ሰላሳ ታቦች ናቸው።

እዛው ታስክ ማናጀር ላይ ስታርትአፕ የሚል ቦታ አለ። ላፕቶፑ ሲበራ አብረውት የሚነሱት እዛ ተሰልፈዋል፣ ቴሌግራም፣ ቲምስ፣ ቶሬንት፣ ያን ቀን አንዴ ብቻ የተጠቀማችሁበት ፒዲኤፍ መቀየሪያ ሁሉ። ዲሴብል አድርጉት፣ አይጠፋም፣ ስትፈልጉት ራሳችሁ ትከፍቱታላችሁ። የድምፅና የታችፓድ ነገሮችን ግን ተዉአቸው።

ደግሞ ሻት ዳውን ብላችሁ ስታጠፉት ሙሉ በሙሉ የጠፋ እንዳይመስላችሁ። ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር ስላለ ዊንዶውስ ግማሹን ነገር ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው፣ እና ወር ሙሉ እያጠፋችሁ እያበራችሁ ውስጡ ያው የቆየው ነው። በሳምንት አንዴ ሪስታርት አድርጉት፣ ሪስታርት ነው ያልኩት።

ወደ ሲ ድራይቭ (ዊንዶውሱ የተጫነበት ቦታ) ስንመጣ፣ ቀይ ከሆነ በቃ ላፕቶፑ መተንፈሻ የለውም፣ ቢያንስ 15% ክፍት ይሁን። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ፣ ቴምፖራሪ ፋይልስ ገብታችሁ አፅዱ፣ ግን ዳውንሎድስ የሚለው ላይ ቲክ ካለ አንሱት አለዛ ያወረዳችሁትን ሁሉ ይዞት ይሄዳል። የኛ አገር ትልቁ ቆሻሻ ግን ቴሌግራም ነው። ዳውንሎድስ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚል ፎልደር አለ፣ የአክስቴ ልጅ ጋ ስንከፍተው አንዱ ሌክቸር አራት ቦታ ወርዷል፣ አይታ የረሳቻቸው ፊልሞች አሉ፣ ፅድት አድርገን ስንጨርስ 38 ጊጋ ተለቀቀ። ቴሌግራም ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ ውስጥ ገብታችሁ የግሩፕና የቻናል አውቶማቲክ ዳውንሎድ አጥፉት፣ ለዳታችሁም ይጠቅማል።

አንቲቫይረስ ሁለት አትጫኑ፣ እርስ በርስ እየተጠባበቁ ላፕቶፑን ይገሉታል። የዊንዶውሱ ዲፌንደር ለብዙዎቻችን ይበቃል፣ ፍላሽ የምትቀባበሉ ከሆነ (ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ የሚመጣባትን ፍላሽ ታውቋታላችሁ) ፉል ስካን አድርጉ። ክራክ (ሳይገዛ ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም) ለመጫን ብላችሁ ዲፌንደሩን አጥፍታችሁ ከሆነ ግን ምን እንዳስገባችሁ እናንተም አታውቁትም።

የሚረሳ ነገር፣ ሙቀት። ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጣችሁ ስትጠቀሙ የአየር መውጫው ይታፈናል፣ ሲፒዩው እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል። ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ከጮኸ ውስጡ አቧራ ሞልቷል፣ ከፍቶ የሚያፀዳ ሰው ጋ ውሰዱትና ቴርማል ፔስቱንም (ከሲፒዩው ሙቀት የሚያሻግረውን ቅባት) ይቀይርላችሁ። ቻርጀርም አለ፣ አንዳንድ ላፕቶፖች የተሰካባቸውን ቻርጀር ካላወቁት ሆን ብለው ፍጥነት ይቀንሳሉ። ታስክ ማናጀር ላይ ፐርፎርማንስ ገብታችሁ የሲፒዩው ስፒድ ምንም ብትሰሩ 0.8 ጊጋኸርዝ አካባቢ ከቆመ ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ ሞክሩት፣ ከፈጠነ ጥፋተኛው ኮፒ ቻርጀራችሁ ነው።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ዲስኩ አሁንም 100% ከሆነ፣ እንደሷ ማለት ነው፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ዲስክ የሚለውን ንኩት፣ ኤችዲዲ ካለ እውነቱ ይሄ ነው፣ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ግዙ። ኤችዲዲ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው፣ የላፕቶፑ በብዛት በደቂቃ 5400 ጊዜ ነው የሚዞረው፣ በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል፣ ተራው ኤስኤስዲ (ሳታ የሚባለው) 500 ይጠጋል፣ ትንንሽ ፋይሎች ላይማ ጭራሽ አይወዳደሩም። ለፎርማት በየጊዜው የምትከፍሉትን አጠራቅሙና 240 ጊጋ እንኳን ግዙ፣ ልዩነቱ እንደ አዲስ ላፕቶፕ ነው። ፋይላችሁ እንዳይጠፋ ክሎን አድርግልኝ (የድሮውን ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ ገልብጥልኝ) በሉት ባለሙያውን። ራም ከሆነ የጎደለው ሜሞሪ የሚለው ጋ ስንት ስሎት (የራም መሰኪያ) እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይፅፋል፣ ከ4 ወደ 8 ጊጋ ማሳደግ በደንብ ይታወቃል፣ ብቻ ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 የሚባሉት የራም ዓይነቶች አይለዋወጡም፣ አንዳንዱ ላይም ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይጨመርም፣ አረጋግጡ።

ዊንዶውስ 11 ይጫንልኝ ብላችሁም አሮጌ ላፕቶፕ አታስጨንቁ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025 አልቋል፣ እውነት ነው፣ ግን 11 ኢንቴል ሲፒዩ ላይ በጥቅሉ ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው የሚፈልገው፣ በግድ አስገብታችሁት 4 ጊጋ ራም ላይ ስታዩት ታለቅሳላችሁ። ብሮውዘርና ፅሁፍ ብቻ ከሆነ ስራችሁ ሊኑክስ ሚንት (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ሲስተም) ሞክሩ፣ ነፃ ነው።

የተነቀለውን ኤችዲዲ እንዳትጥሉት ደግሞ፣ ኬዝ ገዝታችሁ ውስጡ ስትከቱት ኤክስተርናል ይሆናል። የአክስቴ ልጅ አሁን ፅሁፏን ማታ ማታ እሱ ላይ ኮፒ ታደርጋለች።