ከወታደራዊ ሕግ ወደ ሰው ሀብት ለምትገቡ

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ የምትፈልጉ የሠራዊት የሕግ ባለሙያዎች፣ ሲቪያችሁ ላይ "ወታደራዊ ዐቃቤ ሕግ" ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ቀጣሪው ምን እንደሠራችሁ አይገባውም። ቅሬታ አጣርቻለሁ፣ ምስክር ሰምቻለሁ፣ የውሳኔ ሐሳብ ጽፌያለሁ ብላችሁ ዘርዝሩት፤ የሰው ሀብት ሥራ ግማሹ እኮ ይኸው ነው። ከዚያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብቡ። ሠራዊቱን ስለማይመለከት ብዙዎቻችን ገልጠነው አናውቅም። በተለይ አንቀጽ 27 ላይ ቆም በሉ፦ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱን ጥፋቱን ባወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት ይቀርበታል። እኔ እንደ ድሮው መዝገብ ሳጠናቅር ቀኑ አልፎብኛል። አሁን ያወቅንበትን ቀን ፋይሉ ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነው የምጽፈው። ሠራተኛዋን ስታነጋግሩ ደግሞ መጀመሪያ አስቀምጧት፣ ውሃ ስጧት። ቆማ ስትጠየቅ ፍርድ ቤት የቀረበች ነው የሚመስላት።