ዊንዶውስ ከመቀየራችሁ በፊት፦ ችግርና መፍትሄ

«ዝም ብለህ ፎርማት አድርገው፣ ፋይሎቼ ዲ ላይ ናቸው።» እንዲህ የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ዲን ከፍቼ አያለሁ። ብዙ ጊዜ የማገኘው ፊልም ነው። እንጀራ የሚያበላው ፋይል ዊንዶውሱ ያለበት ሲ ላይ ነው፤ ፎርማት የሚጠርገው ደግሞ ሲን ነው።

ምልክት፦ ይንቀራፈፋል፣ ስታክ ያደርጋል

ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ ፎርማት አያድነውም። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም እዩት። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ ዊንዶውሱን ተዉትና ቶሎ ዳታውን አውጡ።

ምልክት፦ ዊንዶውስ ተቀየረ፣ ዳታው የለም

ሁሌ የሚመጣብኝ ይሄ ነው። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስ ሁሉም ሲ ላይ ናቸው። ከቴሌግራም ያወረዳችሁትም እዚያው ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚል ፎልደር ነው የሚቀመጠው፣ ማንም አያስታውሰውም።

የባሰው ግን የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ነው። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ «ፍላሽ ላይ ገልብጬዋለሁ» ብላ፣ ማሽኑን ሌላ ቦታ ፎርማት አስደርጋ መጣች። ፍላሹን ስከፍተው ዴስክቶፕ ላይ የነበረው አይከን ብቻ ቁጭ ብሏል። መጠኑ 2 ኪሎባይት! ሾርትከት ነው እንጂ ዳታ አይደለም። የድርጅቱን የዓመት ሒሳብ ውሃ በላው።

መፍትሄው ቀላል ነበር። ፒችትሪን ክፈቱ፣ ፋይል ከሚለው ሜኑ ባክአፕ የሚለውን ተጫኑ። መጨረሻው ፒቲቢ የሆነ አንድ ፋይል ይሰጣችኋል። የሚይዘው የተከፈተውን ድርጅት ብቻ ስለሆነ፣ የብዙ ድርጅት ሒሳብ የምትሠሩ ሰዎች እያንዳንዱን እየከፈታችሁ ነው ባክአፕ የምታደርጉት። ከዚያ ያው ቨርዥን ባለበት ሌላ ማሽን ላይ ሪስቶር አድርጋችሁ (መልሳችሁ አስገብታችሁ) እዩት። የፋይሉን ስም ማየት አይበቃም። በርካሽ የሚሸጡት «1 ቴራ» የተጻፈባቸው ፍላሾች ስሙን በደንብ ያሳያሉ፣ እውነተኛ ቦታቸው ግን ከተጻፈው እጅግ ያነሰ ነው፤ ከዚያ የተረፈውን ዝም ብለው ይውጡታል። ኧረ እባካችሁ ሥራችሁን ለእነሱ አታምኑ።

ከጠፋ በኋላስ? ፎርማት ሳይደረግ ከላዩ ተጭኖ ከሆነ ሲ ላይ «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚል ፎልደር ይኖራል። ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ሲስተሙ ራሱ ያጠፋዋል፣ ስለዚህ ዛሬውኑ ገልብጡ። ፎልደሩ ከሌለ ኮምፒውተሩን አጥፉት፤ በላዩ ምንም አትጫኑ። ሃርድ ዲስክ ከሆነ በሪከቨሪ ፕሮግራም የሚወጣ ነገር አይጠፋም። ኤስኤስዲ (አዲሱ ፈጣን ዲስክ) ከሆነ ግን ተስፋው የመነመነ ነው።

ምልክት፦ ዲም አብሮ ጠፋ

መጫኛው ሲ፣ ዲ የሚል ፊደል አያሳይም፤ ክፍሎቹን በቁጥርና በመጠን ነው የሚዘረዝረው። ቀድማችሁ ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳየውን ዲስክ ማኔጅመንትን ከፍታችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት። ሁለት ዲስክ ካለው ዊንዶውስ የማይጫንበትን ንቀሉ። ደግሞ ዲ ላይ የተቀመጠ ኮፒ ባክአፕ አይባልም፣ ብዙ ላፕቶፕ ላይ ሲም ዲም ያው አንድ ዲስክ ናቸው።

ምልክት፦ የአማርኛ ጽሑፍ የማይነበብ ምልክት ሆነ

ፋይሉ አልተበላሸም። ዩኒኮድ (የዛሬው መደበኛ የፊደል አሠራር) ባልሆኑት የድሮ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነው፣ ፎንቱ አብሮ ሄዷል። ከፎርማት በፊት ዊንዶውስ ውስጥ ካለው ፎንትስ ፎልደር ገልብጧቸው።

ምልክት፦ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃል

ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር ነው፤ ባዮስ (የማሽኑ የመነሻ ሴቲንግ) ሲነካካ ብቅ ይላል። ቁልፉ ብዙ ጊዜ የማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ላይ ይገኛል። ቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ቁልፍ ከሌለ ዳታ የለም፣ የትም ብትወስዱት።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

መጫኛው ዲስኩን ካላየው፣ በተለይ ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ባሉ ኢንቴሎች ላይ፣ የኢንቴል ስቶሬጅ ድራይቨር ፍላሹ ላይ ጨምሩ። ዋይፋይ እምቢ ካለ ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ ኢንተርኔት ስጡት። ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ፣ መብራት በሚመላለስበት ሰዓት አትጀምሩ። ዊንዶውስ ሆም የነበረውንም ማሽን ዊንዶውስ ፕሮ ጭናችሁ አክቲቬት አልሆነም አትበሉ፤ የነበረውን መልሱለት፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል።