ዲፌንስ ልትገቡ ነው? የፊርማ ገጹን አትርሱ

ድሬ ላይ የኢንጂነሪንግ ማስተርሳችሁን ልትጨርሱ ለተቃረባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዲፌንስ፣ ማለትም ጥናታችሁን ፈታኞች ፊት ልታቀርቡ ስትገቡ፣ ፈታኞቹ የሚፈርሙበትን የማጽደቂያ ገጽ አምስት ስድስት ቅጂ አትማችሁ ያዙ። የውጭ ፈታኙ ብዙ ጊዜ ከሌላ ከተማ ነው የሚመጣው። አንዴ አውሮፕላን ከተሳፈረ በኋላ ፊርማ መለመን ራሱን የቻለ ሌላ ማስተርስ ነው። እኔ ለአንዲት ፊርማ ሦስት ሳምንት ጠብቄያለሁ። «እርማቱን ሳላይ አልፈርምም» ካለም መብቱ ነው። ግን ስልኩንና ኢሜይሉን እዚያው ተቀበሉ። እርማቱን ማን እንደሚያረጋግጥም ከአማካሪያችሁ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ።

ክሊራንስ (የግቢው ዕቃ እጃችሁ ላይ እንደሌለ በየቢሮው የምታስፈርሙበት) ላይ የሚያስቸግረው ወረቀቱ አይደለም፣ የተረሳ ዕቃ ነው። ከላብራቶሪ የወሰዳችሁት መለኪያ፣ ጓደኛችሁ በእናንተ ስም ያወጣው መጽሐፍ፣ የዶርም ቁልፍ። ፎርሙን ሳትይዙ በፊት መልሱና ጨርሱ። ፊርማ የምትዞሩት ደግሞ በጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በዚያ በድሬ ፀሐይ ከቢሮ ቢሮ መንከራተት አይሞከርም።

ጥናቱን ከማስጠረዛችሁ በፊት ስማችሁን ፊደል በፊደል እዩት። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ከመጀመሪያ ዲግሪያችሁ ጋር አንድ መሆን አለበት። መሐመድ አንዱ ጋ በ«ኦ» ሌላው ጋ በ«ዩ» ከተጻፈ፣ ሬጅስትራር ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ከመሥራቱ በፊት አስተካክሉት። ከታተመ በኋላ ደብዳቤ፣ ማመልከቻ፣ «ነገ ተመለስ» ነው። ስንት ቅጂና በምን ቀለም ሽፋን እንደሚጠረዝም ማተሚያ ቤቱን ሳይሆን ዲፓርትመንታችሁን ጠይቁ።