ስቲንግሬይ ከመግዛታችሁ በፊት ማሞቂያውን እዩት

የአማዞን ወንዝ ስቲንግሬይ (ጭራው ላይ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ) ቤት ልታረቡ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ የገንዳውን ማሞቂያ ከልሉት። ይህ ዓሣ ማሞቂያው ላይ ተለጥፎ መተኛት ይወዳል፣ ቶሎ ስለማይሸሽም ሆዱ ይቃጠላል። ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ መከለያ አልብሱት ወይም ከገንዳው ውጪ ከፊልተሩ (ከውሃ ማጣሪያው) ጋር ግጠሙት፤ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ታች ደቃቅ አሸዋ ብቻ፣ ሹል ጠጠር አይሞከርም። ውሃው ላይ ደግሞ ቀልድ የለም፦ ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ዜሮ መሆን አለባቸው፣ የቧንቧ ውሃም ክሎሪኑን ሳታጠፉ እንዳትጨምሩ። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ይገድለዋል። እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት የት እንደተኛ እዩ፣ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል፣ የጭራው እሾህም መርዛም ነው። ከወጋችሁ ቁስሉን ሳያቃጥላችሁ መቋቋም በምትችሉት ሙቅ ውሃ ነክራችሁ ቶሎ ሐኪም ቤት ሂዱ።